«አራተኛ» የሚሉት መካኒክ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱ፣ አማቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ለሌላው ሰው ሁሉ «አራተኛ» ነው። አዲስ ሰው ሲሰማ ለእናት ለአባቱ አራተኛ ልጅ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የበኩር ልጅ ነው። ተማሪ ሳለ ከክፍሉ አራተኛ የወጣ የሚመስላቸውም ነበሩ። «እሱማ ቢሆን ኖሮ አባቴ ተሸክሞኝ በዞረ ነበር» ይላቸዋል። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው።

ሥራው የሞተር ሳይክል ጉልበት መለካት ነበር። ጋራዡ ረጅምና ጠባብ ቤት ነው፤ በአንድ ወገን መስታወት ቆራጭ፣ በሌላው ወገን ፍራሽ ሰፊ ያዋስኑታል። መሀል ወለሉ ላይ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ የብረት ከበሮ አለ። የሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ በብረት መንጋጋ ይያዛል፣ ወገቡ ግራና ቀኝ በወፍራም ቀበቶ ይጠፈራል፣ የኋላው ጎማ ደግሞ ከበሮው ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰው ይወጣበትና ነዳጅ ይሰጠዋል። ሞተሩ የትም ሳይሄድ ከበሮውን ያሽከረክራል፤ ከበሮው ምን ያህል ቶሎ እንደፈጠነ ኮምፒውተሩ አስልቶ የፈረስ ጉልበቱን ያወጣል። ኮምፒውተሩ ያለው በመስታወት በተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቡ ሞተሩን አጥፍቶ ከበሮውን የሚያቆም ቀይ ቁልፍ አለ። ሥራ ሲጀመር ግድግዳው ይርገበገባል፤ ፍራሽ ሰፊው ጎረቤት «ዛሬ ጥጡን እናንተ ናችሁ የነደፋችሁልኝ» እያለ ይቀልዳል።

ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በስንተኛ ማርሽ ነው የሚለካው? በተለይ ወጣቶቹ በመጨረሻው ማርሽ ካልተለካላቸው ጉልበታቸው የተሰረቀ ይመስላቸዋል። እሱ ቀና እንኳ ሳይል «አራተኛ» ይላል። ጆሮ ለሚሰጠው ሰው ደግሞ ምክንያቱን ያስረዳል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ሽቅብ ይዘላል፣ ጎማው ከበሮው ላይ ይንሸራተታል፣ ኮምፒውተሩ ነገሩን ሳይጨብጠው ሩጫው ያልቃል። በመጨረሻው ማርሽ ደግሞ ከበሮው አቅሉን ይስታል፤ ጎማው ይግላል፣ ሰንሰለቱ ይጮኻል፣ ቀበቶው ይወጠራል። አራተኛው ላይ ግን የሚገባው ዙርና የሚወጣው ዙር ስለሚቀራረብ ማርሹ ከጉልበቱ ብዙም ሳይቆነጥር እንዳለ ያቀብላል። «ዝቅተኛው ይቸኩላል፣ ከፍተኛው ያብዳል፣ አራተኛው ይመሰክራል» ይል ነበር። አምስተኛው የሚስማማቸው ሞተሮችም ነበሩ። እሱም ያውቃቸዋል፣ በአምስተኛም ይለካቸዋል፤ ነገር ግን አፉን ሞልቶ አይናገርም፤ ስሙ እንዳይቀየርበት ነው እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ሚስቱ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ጎረቤቶቿ ሦስተኛ ልጅ መቼ ነው እያሉ ሲነዘንዟት «አራተኛን አግብቼ ሦስተኛ ምን ያደርግልኛል» ትላቸዋለች። ትወደው ነበር። ታማኝ ነው፣ አይጠጣም፣ እጁ አያርፍም። አንድ ጠባዩ ግን ያስቸግራታል፤ ትክክል መሆኑን ካወቀ ያኮርፋል። ሌላው ሰው ሲሳሳት ነው የሚያኮርፈው፤ እሱ ሲያኮርፍ ደግሞ ትክክል ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ቁም ሣጥን ገዙ። ከመግባቱ በፊት በዓይኑ ለካና በዚህ በር አይገባም አለ። ተሸካሚዎቹ ይገባል አሉ፣ ሚስቱም ይገባል አለች። ዝም ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰዎቹ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ሲገፉ፣ ሲያዞሩ፣ ሲያጋድሙ አንድ ጣቱን አላነሣም። በመጨረሻ ሚስቱ «እሺ፣ ትክክል ነበርክ» ስትለው ካቻቢቴ አወጣና በሩን ነቅሎ ሣጥኑን አስገባላቸው። «በሩን መንቀል እንደሚቻል ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ያውቅ ነበር። ያን ቀን ሚስቱ እስኪያማት ሳቀች። ታሪኩንም ለዘመድ አዝማድ ስታወራው ኖረች።

ላባ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ሲራመድ መሬት የማይነካ የሚመስል ልጅ ስለነበረ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ላባ እንዳሉት ቀሩ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል እህቱ ባሏን ለመነችው። እሱም አለቃውን አነጋግሮ አስቀጠረው። ሥራ በሚጀምርበት ዋዜማ የላባ እናት አማቿን በር ድረስ ሸኘችው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ያሳደገች ሴት ናት። እጁን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም። አንተን ነው የማውቀው። አደራ» አለችው። «ሐሳብ አይግባዎት፣ እማማ» አላት።

በአደራውም ቀለደ አይባልም። ልጁን አስተማረው። ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሰንሰለት ምን ያህል እንደሚላላ፣ ጎማ በጥፍር ተጭኖ እርጅናው እንዴት እንደሚታወቅ ሁሉንም አሳየው። ላባ ቶሎ ገባው። ሞተር ላይ ሲወጣ ከሞተሩ ጋር የተወለደ ይመስላል፤ ማርሽ ሲቀይር ድምፁ አይሰበርም። እየቆየ አለቃው ኮርቻውን ለላባ፣ የመስታወቷን ክፍል ለአራተኛ ሰጠ። በጩኸቱ መሀል ንግግር ስለማይሰማ በጣት ነበር የሚግባቡት። አራተኛ ከመስታወቱ ኋላ አራት ጣቶቹን ሲያነሣ ላባ በሄልሜቱ ውስጥ ሲስቅ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

ደንበኞች ላባን ወደዱት። ይስቃል፣ ያስቃል፣ የሞተራቸውን ስም እንደ ፈረስ ስም እየጠራ ያሞግስላቸዋል። ቀስ በቀስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ላባ አለ?» ብሎ ሆነ። አለቃውም ድሮ ከአራተኛ ጋር ይመክረው የነበረውን ነገር ከላባ ጋር መምከር ጀመረ። አራተኛ በዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለሚስቱም አልነገራትም። ውስጡን ግን ይቆጠቁጠው ነበር።

ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ወቅት ነው፤ ከገበያው አጠገብ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ገና የገዛውን ትልቅ ሞተር ሳይክል በፒካፑ ጭኖ መጣ። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። የሸጠለት ሰው በሰዓት ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይገባል ብሎ እንደሸጠለት፣ እሱ ግን ሚስቱ ከኋላ እየተቀመጠች ከሰማንያ በላይ እንደማታስነዳው፣ ስለዚህም እውነቱን ቆሞ ለማየት እንደመጣ ነገራቸው። ሁሉም ሳቁ።

አራተኛ እንደ ልማዱ አራት ጣት አነሣ፤ ላባ ነዳ፤ ጥሩ ቁጥር ወጣ። ወረቀቱ ታትሞ ለሥጋ ሻጩ ተሰጠው። ሰውዬው ግን አልረካም። ጉልበቱን ሳይሆን ፍጥነቱን ነበር ማየት የፈለገው። የፍጥነት መለኪያው መርፌ ሁለት መቶ ስልሳን ሲነካ ካላየ ተሞኝቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻው ማርሽ ይነዳልኝ አለ።

አራተኛ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ በጥፍሩ ተጫነው። ጎማው ለዓይን አዲስ ነው፤ ጥርሱ ገና አልተበላም። ነገር ግን ብዙ ዘመን ቆሞ የኖረ ስለነበር ደርቋል፤ ጥፍር አይገባውም፤ ጎኑ ላይ እንደ ተረከዝ ንቃቃት የመሰሉ ስስ መስመሮች ወጥተውበታል። በአራተኛ ማርሽ ለዚያች አጭር ሩጫ ይችላል፤ በመጨረሻው፣ በስድስተኛው ግን አይችልም አለ። ጎማውን ለውጦ ይምጣ፣ ያን ጊዜም ቢሆን እኔ በስድስተኛ አላስነዳም አለ።

አለቃው ከቢሮው ወጣ። ነገሩን ሰማና ለአንድ አፍታ ነው፣ ደንበኛን ማስከፋት ምን ይጠቅማል እያለ ይለማመጠው ጀመር። አራተኛ አልበገር ሲለው በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ።

«ለመሆኑ አንተ እዚህ የተቀጠርከው ጉልበት ልትለካ ነው ወይስ ጎማ ልትመርቅ?» አለው።

ሥጋ ሻጩ ሳቀ። ላባም ሳቀ። ላባ በክፋት አልነበረም የሳቀው፤ እሱ በሁሉ ነገር ይስቃል። የአራተኛ ፊት ግን ተለወጠ። ላባ ይህን አየና ቶሎ ብሎ ሊያባብለው ሞከረ።

«ጋሼ፣ ቀስ አድርጌ ነው የማስገባው። መርፌው ነካ ሲያደርግ እለቀዋለሁ። አንተ ከዚያ ሆነህ እየኝ።»

«እኔ የለሁበትም» አለ አራተኛ።

የጆሮ መከላከያውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። እጁን በጨርቅ ጠራረገ። ማንንም ሳያይ ወጣ። አለቃው እንደ ሌላው ጊዜ ቆይቶ ይመለሳል ብሎ ራሱ ወደ መስታወቷ ክፍል ገባ። ከኮምፒውተሩ ጋር ብዙም ትውውቅ አልነበረውም።

አራተኛ ፍራሽ ሰፊው ደጃፍ ያለች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፍራሽ ሰፊው መርፌውን ይዞ ምን ሆነህ ነው ሲለው «ይማሩ» ብቻ አለ። ሞተሩ ተነሣ። ማርሹን በጆሮው ይከተለው ነበር፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እዚያ ላይ የሚያቆም መስሎት ነበር፤ ልጁ እሱን አስቦ የሚተወው መስሎት ነበር። አምስተኛ ገባ። ከዚያ ስድስተኛ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየረዘመ ሄደ። ግድግዳው ተርገበገበ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ትንሽ ነገር ትድረስባቸው አለ በልቡ፤ ቀበቶ ትበጠስ፣ ሞተሩ ይጋል፣ አለቃው ይደንግጥና ወጥቶ «ትክክል ነበርክ» ይበለኝ አለ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የጎማ ሽታ። ሌላ ሰው የማይለየው፣ እሱ ግን ከሺህ ሽታ መሀል የሚያውቀው፣ ጎማ ሊላጥ ሲል የሚሸተው ሽታ ነው። ብድግ አለ። በሩ ከእሱ ብዙም አይርቅም። ግን አልሮጠም። አሁን ሮጬ ብገባ፣ ቁልፉን ብጫነው፣ ምንም ሳይሆን ቢቀር መሳቂያ እሆናለሁ የሚል ነገር እግሩን ያዘው። ቆመ። ከዚያ ፍንዳታ የመሰለ ድምፅ ሆነ። አንድ ከባድ ነገር ግድግዳ ሲመታ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የባዶው ከበሮ እሽክርክሪት ብቻ ቀረ።

ሲገባ ቤቱ በነጭ ጭስ ተሞልቷል። የጎማው ቆዳ ተልጦ እንደ ጅራፍ ሲገርፍ ቀበቶውን ቆርጦታል፤ ሞተሩ ከመንጋጋው ወጥቶ ከነላባ ወደ ግድግዳው ተወርውሯል። አለቃው መስታወቱ ኋላ እጁን ቀዩ ቁልፍ ላይ እንደጫነ ደርቆ ቀርቷል፤ ቁልፉን ያገኘው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ሥጋ ሻጩ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል፤ እሱን ምንም አልነካውም።

ሞተሩን ሦስት ሆነው ከላባ ላይ አነሡለት። ልጁን በሥጋ ሻጩ ፒካፕ ጫኑት። አራተኛ ከኋላ ተቀምጦ የልጁን ራስ በጭኑ ደገፈው። ላባ ዓይኑ ክፍት ነበር። አልጮኸም፣ አልተናዘዘም፣ ስለ ማርሽም ስለ ጎማም አንድ ነገር አላለም። አንድ እግሩ ባዶውን ነበር፤ እግሩን እያየ «ጫማዬ…» አለ። «ይመጣልሃል» አለው አራተኛ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ገና አልጋ ሲፈለግለት ነፍሱ ወጣች።

ለሚስቱ ራሱ ነገራት። ላውንደሪው ውስጥ በእንፋሎት መሀል ቆማ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ቱታው ላይ ያለውን ደም ስታይ መጀመሪያ እሱ የተጎዳ መስሏት ደረቱን፣ ሆዱን፣ ክንዱን እየዳሰሰች ፈለገችው። «የኔ አይደለም» ሲላት ገባት። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደተቀመጠ ረስታው ሸሚዙ ተቃጠለ።

በሐዘኑ ሰሞን አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ አራተኛን ያከብረው ጀመር። አለቃው በእንባ እየታጠበ፣ በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት፣ ይሄ ሰው ነግሮን ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት አለ። ሥጋ ሻጩም መጥቶ ይህንኑ ተናገረ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ሞተር ላይ እንዳልወጣ ይወራል። ፖሊስ የሁሉንም ቃል ተቀበለ። አራተኛ ከልክሎ እንደነበር፣ አደጋው ሲደርስም ውጭ እንደነበር ተናገረ። ለምን ውጭ ሆንክ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። አለቃው ተከሰሰ፣ ጋራዡ ታሸገ፤ እሱ በምስክርነት ተሸኘ። እየመጡ የሚያጽናኑት ሰዎች እጁን እየጨበጡ «አንተስ የበኩልህን አድርገሃል» ይሉት ነበር። ሚስቱም በእሱ ተጽናናች። ለሚጠይቃት ሁሉ «ባለቤቴ ለምኖት ነበር፣ ልጁ እንቢ ብሎት ነው» ትላለች። እሱ ይህን ሲሰማ ከክፍሉ ይወጣል። ሰው ግን ሐዘኑ ነው ይላል።

ሐዘኑ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ አማቱ አስጠራችው። ቤቷ ሲደርስ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አገኛት። መኪናው ላይ ምንም ጨርቅ አልነበረም። ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ስታለቅስ ያያት ሰው የለም።

«ሰው ሁሉ ማርሽ፣ ማርሽ ይላል» አለችው። «እኔ አልገባኝም። አስረዳኝ።»

ከመኪናው ታች ያለውን ትልቁን ጎማና ከላይ ያለውን ትንሹን አሳያት። ታች ያለው አንዴ ሲዞር ላይ ያለው ብዙ ጊዜ እንደሚዞር፣ ሞተርም ከዚህ እንደማይለይ፣ በአራተኛው ማርሽ ሞተሩና ጎማው ተቀራርበው እንደሚሄዱ፣ በመጨረሻው ግን የኋላው ጎማ ከሁሉም በላይ እንደሚፈጥን፣ ያረጀ ጎማ ደግሞ ያን ፍጥነት እንደማይችል አስረዳት። ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆነ፤ እንደ ድሮው ለደንበኛ ሲያስረዳ እንደነበረው። አማቱ አዳመጠች። በእጇ ትንሹን ጎማ ታዞረዋለች፤ መርፌዋ ባዶውን ከፍ ዝቅ ትላለች።

«አራተኛው ደህና ነበር ማለት ነው።»

«ደህና ነበር።»

«ይሄን አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ነግሬው ነበር፣ እማማ።»

«ነገርከው ወይ አላልኩህም። እሱ ሲነዳ፣ ያኔ፣ አንተ የት ነበርክ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ከጋራዡ ወጥቶ የት እንደተቀመጠ ያየው ፍራሽ ሰፊው ብቻ ነው፤ እሱም ቃሉን አውጥቶ የሚናገር ሰው አይደለም። ወለሉን እያየ ነገራት። ስለ ሳቁ፣ ስለ ማኩረፉ፣ ስለ አግዳሚዋ። ማርሾቹን በጆሮው እንደቆጠረ። ሽታው እንደመጣለት፣ በሩም ቅርብ እንደነበረ፣ ቀዩንም ቁልፍ እሱ በጨለማም ቢሆን እንደሚያገኘው።

«ትንሽ ነገር ቢደርስባቸው ደስ ይለኝ ነበር» አላት። «ትንሽ ነገር ነበር የፈለግኩት።»

አማቱ ጎማውን በመዳፏ ያዘችው። መርፌዋ ቆመች።

«አሁን ሂድ፣ ልጄ» አለችው። «ልጄ» ያለችው በልማድ ነው። አፏን ከዚያ ቃል ለመመለስ የሞከረች ትመስል ነበር።

ዞር ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። የወንድሟን ልብሶች ለሰው ለመስጠት አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ በክንዷ ታቅፋለች። ከየት ጀምሮ እንደሰማች አልጠየቃትም። አብረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጆቹን ጎረቤት ላከቻቸውና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አልጮኸችም።

«ሰው ሁሉ ትክክል ነበር ይለኛል። እኔም ስል ነበር። ትክክል ነበርክ። ትክክል ሆነህ ውጭ ተቀመጥክ።»

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«አደራ የሰጠንህ ማርሽ እንድትመርጥለት አልነበረም» አለችው። ተነሥታ ልጆቹን ልትጠራ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዋን ከልጆቹ ክፍል አደረገች። አላባረረችውም፤ ለዘመድም ለጎረቤትም ምንም አልተናገረችም። ልብሱን ታጥባለች፣ ራቱን ታስቀምጣለች። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ የቧንቧው ጉዳይ ሲሆን ታነጋግረዋለች። ሌላ ወሬ የለም። ቀድሞ ለእንግዳ ሁሉ ስታወራው የኖረችውን የቁም ሣጥኑን ታሪክ አንድ ዘመድ ሲያነሣባት ወደ ጓዳ ገባች፤ እንግዳው እስኪሄድ አልወጣችም።

አለቃው ቅጣቱን ጨርሶ ጋራዡ ሲከፈት አራተኛን ለመነው። ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስለሌለ ተመለሰ። አሁን ኮርቻው ላይ የሚወጣው ራሱ ነው፤ ሌላ የሚደፍር አልተገኘም። አለቃው ከመስታወቱ ኋላ ይቆማል፤ ሞተሩ ከተነሣበት እስኪጠፋ ድረስ መዳፉን ከቀዩ ቁልፍ ላይ አያነሣም። ግድግዳው ላይ የተመታው ቦታ ተለስኗል፤ ቀለሙ ግን ከሌላው አልገጠመም። ደንበኞች አሁንም ስለ ማርሹ ይጠይቃሉ። እሱ ማስረዳት ትቷል። አራት ጣት ያነሣል፣ ይለካል፣ ይወርዳል።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ እጮኛውን ይዞ መጥቶ በመጨረሻው ማርሽ ካልሆነ አለ። ጓደኞቹም አብረውት ነበሩ፤ ይገፋፉታል። አራተኛ አልተከራከረም፣ አልወጣምም። የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ከበሮው ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ሰደበው፣ ሳቀበት፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። እሱ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ሲደክመው ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ይህን ያየው ፍራሽ ሰፊው አፉ አምልጦት «ያኔም እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» አለ፤ ወዲያው በቃሉ ደነገጠ። አራተኛ ግን አልተቆጣም። «እኔም ሌላ የማስበው ነገር የለኝም» አለው።

ላባ በሞተ በሁለተኛው ዓመት አማቱ ታመመች። ሚስቱ ልታስታምማት ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። አራተኛ ከሥራ ሲወጣ በዚያ በኩል ያልፋል፤ መድኃኒት ይገዛል፣ አሮጊቷን አንሥቶ ያስቀምጣታል፣ ውኃ ይቀዳል። አማቱ ይህን ሁሉ ሲያደርግላት አትከለክለውም። ስታየው ግን ዓይኗ ከእሱ አልፎ ከኋላው የሚመጣ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ከመሞቷ በፊት ይቅር ትለው እንደሆነ ይጠብቅ ነበር። ምንም አላለችም። አንድ ቀን ብቻ፣ ትራሷን ሲያስተካክልላት፣ እጁን ያዝ አድርጋ ሻካራነቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ለቀቀችው።

ከአሮጊቷ ቀብር በኋላ ሚስቱ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከዚህ ይቀርባል አለች። ተፋቱ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ እሷም አልተፋታንም ትላለች፣ እሱም አልተፋታንም ይላል። በየምሽቱ ይመጣል፤ አብረው ራት ይበላሉ፤ ትልቋን ልጁን ሒሳብ ያስጠናታል። ልጆቹ ሲተኙ ኮቱን ይለብሳል፣ «ደህና እደሩ» ይላል፣ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ሊወጣ ሲል ዝናብ ጣለ። በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል ሚስቱ ዕቃ እያጠበች ከኋላው ተናገረች።

«እስኪያባራ ቁጭ በል።»

ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ ዕቃውን አጥባ ጨረሰች፤ አደራረቀች፤ እጇን አበሰች፤ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለቱም ያዳምጡ ነበር። ቀስ በቀስ ዝናቡ ሳሳ፣ ከዚያም ጠብታ ብቻ ሆነ፣ ከዚያም ቆመ። እሱ ትንሽ ጠበቀ። እሷ ምንም አላለችም። ተነሣ፤ በሩን ልጆቹን እንዳይቀሰቅስ ቀስ አድርጎ ዘጋውና በእርጥቡ መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ።